ፈሪዳና የጠዋቱ ቅቤ

ሆሳዕና ገበያ ቅቤ ተራ ፈሪዳን የማያውቅ የለም፤ ድምጿን የሰማ ግን ጥቂት ነው። ሌሎቹ ሴቶች እየተጣሩ፣ እየማሉ፣ አላፊውን በልብሱ ጫፍ እየጎተቱ ሲሸጡ እሷ ቅቤው የተጠቀለለበት ኮባ ላይ ዓይኗን ጥላ ትቀመጣለች። ዋጋ ሲጠይቋት ትናገራለች፣ ከዚያ እንደገና ዝም ነው። እንደዚያም ሆኖ ከሞርሲቶም ከሾኔም ቅቤ ይዞ የሚመጣ ሁሉ ይፈራታል። የሚፈራው ስንጥሯን ነው።

ስንጥሯ ከቀርከሃ የተፋቀች፣ ከኮርቻ መርፌ ትንሽ የምትወፍር ቀጭን እንጨት ናት። ፈሪዳ ኮባውን አትፈታም። በቅጠሉ መሃል ስንጥሯን ትሰድና በሁለት ጣቷ እያሽከረከረች ቀስ ብላ ታወጣታለች። ከዚያ አየት አድርጋ ታሸታታለች። ላዩ ለጋ ውስጡ የከረመ፣ ድንች የገባበት፣ ሙዝ የገባበት፣ ሞራ የተለወሰበት፣ ሁሉንም ስንጥሯ ትናገርባቸዋለች። መሃል ላይ ጠንካራ ነገር ከገጠማት አትገፋም። እንዲህ አድርጋ ያስተማረቻት እናቷ ከድጃ ናት። "ከገፋሽ ይሰነጠቅና ባለቤቱ ቅቤዬን አበላሸሽ ይልሻል። አሽከርክሪ፣ መንገዱን እሱ ራሱ ያሳይሻል" ትላት ነበር።

ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ሄዳለች። ጽሑፍ ሲሰጧት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች፤ ሰው ካያት ግን ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ከዚያ ረሺድን አገባች። ረሺድ የሆሳዕና አዲስ አበባ ሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ሦስት ልጅ ወልደዋል። ስንት ዓመት እንዲያ ሲኖሩ ኑሯቸው የሚወራለት አልነበረም፤ ደህና ነበሩ ማለት ነው።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምህረት ክረምት ሊገባ ሲል በገበያ ቀን ታመመች። ከዚያ በፊት በግራ ጎኗ አንድ ክብደት ይሰማት ነበር፤ ጣፊያ ነው ብለዋት ዝም ብላለች። ያን ቀን ግን ለአንድ ደንበኛ መልስ እየሰጠች ሳለ አረንጓዴው ኮባ ላይ ደም አስታወከች። ትንሽ አይደለም፣ ብዙ ነው። ሴቶቹ ጮኹ። ረሺድ መንገደኞቹን አውርዶ ሆስፒታል አደረሳት፤ ወንድሞቿ ደም ሰጧት፤ ወደ አዲስ አበባም ተላከች። እዚያ በአፏ ቱቦ አስገብተው ጉሮሮዋ ውስጥ ያበጡትን ደም ሥሮች በትንንሽ ላስቲክ አሰሩላት። ከስድስት ወር በኋላ ደሙ ተመለሰ፣ እንደገና አሰሩላት።

ከሁለተኛው በኋላ ፈሪዳ መቀመጥ ጠፋባት። ገበያ ላይ ተነስታ ትዞራለች፤ ተመልሳ መቀመጫዋ ሳይሞቅ ደግሞ ትነሳለች። ቤት ውስጥ ልጆቹን በዓይኗ ትቆጥራለች፤ ሦስት መሆናቸውን አይታ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትቆጥራለች። በየሰዓቱ ምራቋን እጇ ጀርባ ላይ ትፍ ብላ ቀለሙን ታያለች። ነጭ ነው። ካየች በኋላም አይለቃትም።

"ምን ሆነሻል፣ ጉንዳን ገብቶብሻል?" ይላታል ረሺድ።

"ምንም" ትላለች። ተነስታ ትወጣለች።

በሁለት ሺህ ስምንት ከአዲስ አበባው ሆስፒታል ደወሉላት። ከደቡብ አፍሪካ ዶክተር ኃይለመለኮት የሚባሉ ሐኪም ለአንድ ሳምንት መጥተው የእሷን ዓይነት በሽታ ሊያክሙ ነው፤ አንድ የግል ሆስፒታል ቦታ ሰጥቷቸዋል፣ ስምንት ሰው ብቻ ነው የሚያዩት። ረሺድ ያን ዕለት ሚኒባሱን ባዶ ነዳው፤ ከኋላ እሷና እናቷ ብቻ ተቀመጡ። ከድጃ ጭኗ ላይ በኮባ የተጠቀለለ አንድ ሙሉ ለጋ ቅቤ ይዛለች። ለሚያርፉበት ቤት ስጦታ መስሏቸው ማንም አልጠየቃትም።

ዶክተሩ ቀጭን፣ ፀጉራቸው ገባ ያለ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ።

"ከሆድና ከአንጀት ደሙ ተሰብስቦ ወደ ጉበት የሚገባበት አንድ ትልቅ ደም ሥር አለ" አሉ። "ያንቺ በረጋ ደም ተዘግቷል። ደሙ በዋናው በር መግባት ሲያቅተው በጓሮ ይዞራል። በጉሮሮሽ ያሉት ቀጫጭኖቹ ያን ሁሉ ደም አይችሉም፤ ያብጣሉ፣ ይፈነዳሉ። በላስቲክ ብናስራቸው ሌሎች ያብጣሉ። ስለዚህ በሩን ነው መሞከር ያለብን።"

"ሆዷ ሊቀደድ ነው?" አለች ከድጃ።

"አይቀደድም እናቴ። በጎድን አጥንቷ መሃል በቀጭን መርፌ ጉበቷ ውስጥ እንገባለን። በመርፌው ውስጥ ቀጭን ሽቦ እናሳልፋለን። በራጅ እያየን የተዘጋውን ካለፍን ትንሽ ፊኛ እንነፋበትና እናሰፋዋለን። ካስፈለገም መልሶ እንዳይዘጋ የሽቦ ቱቦ እንተውበታለን።"

ከገባች ጀምሮ ያልተናገረችው ፈሪዳ አሁን ቀና አለች። "ሳትከፍቱ?"

"ሳንከፍት። ግን አልዋሽሽም። የቆየ ከሆነ ሽቦው እምቢ ሊል ይችላል።"

ቦርሳዋ ውስጥ እጇን ከተተች። ስንጥሯ እዚያ ነበረች። ለምን ይዛት እንደመጣች እሷም አታውቅም።

ቀጠሮዋ ሐሙስ ጠዋት ሆነ። ዓርብ የሚታከመው አንድ ሌላ ሰው ብቻ ነው፤ ዓርብ ማታ ዶክተሩ ይሄዳሉ። ነርሷ ሲስተር ውቢት አንድ ወረቀት ሰጠቻትና በቃልም ነገረቻት፤ "ከረቡዕ ማታ ሁለት ሰዓት በኋላ ምግብ የለም፣ ውሃ የለም፣ ሻይ የለም። ገባሽ? የቀረው ወረቀቱ ላይ አለ።"

ፈሪዳ ገባኝ አለች። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሐሙስ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ አየር ጤና ባረፉበት በረሺድ አጎት ልጅ ቤት፣ ከድጃ ቅቤውን በትንሽ ድስት አቅልጣ በሲኒ ይዛላት መጣች።

"እማ፣ አትብዪ ብለውኛል እኮ።"

"ብዪ አልኩሽ? ቅቤ ምግብ የሆነው መቼ ነው?"

እውነቷን ነው። በእነሱ አገር ምግብ ማለት ቆጮ ነው፣ ጎመን ነው። ለጋ ቅቤ ቀልጦ በሲኒ ሲቀርብ ግን ለወለደች፣ ከዛፍ ለወደቀ፣ አጥንቱ ለተሰበረ ነው። ፈሪዳ ሦስቱንም ልጆቿን ስትወልድ ከዚሁ ከእናቷ እጅ ጠጥታለች።

"አስቢው እስቲ" አለች ከድጃ። "የተዘጋ ነገር በደረቁ ይከፈታል? የበር ማጠፊያ እንኳ ዘይት ይፈልጋል። ሰውየው ሽቦውን ሲሰድ ይንሸራተትለት።"

ፈሪዳ የቅቤ ሰው ናት። የረጋው እንዴት እንደሚደፍን፣ የቀለጠው እንዴት እንደሚሄድ በእጇ ታውቀዋለች። ደግሞም እናቷን እምቢ ብላ አታውቅም። ጠጣች። ከድጃ ሁለተኛውን ቀዳች፣ እሱንም ጠጣች።

ሆስፒታል ሲደርሱ ከድጃን አላስገቧትም፤ በር ላይ ካለው አግዳሚ ላይ መቁጠሪያዋን ይዛ ቀረች። ሲስተር ውቢት ፈሪዳን ነጭ ልብስ አልብሳ "ምግብ ቀምሰሻል?" አለቻት።

"አልቀመስኩም።"

"ውሃ? ሻይ?"

"አልጠጣሁም።"

ሲስተሯ ጻፈች። አጠገቧ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ አጵሎስ ይባላል፣ ከዱራሜ የመጣ መምህር ነው። የዓርቡ ተራ የእሱ ነው፤ ዛሬ የመጣው የደም ውጤቱን ሊያስረክብ ነው። ወሬኛ ነው።

"አይዞሽ እህቴ" አላት። "እኔ መርፌ ስወጋ የሚያለቅሱት ተማሪዎቼ ናቸው። እኔ እንዲያውም ይናፍቀኛል። ሽቦ ነው አይደል? የዱራሜ ሰው ስንት ነገር ችሏል!"

ፈሪዳ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

"መምህር፣ ነገ ባዶ ሆድዎን ነው የሚመጡት" አለች ሲስተር ውቢት። "ውሃም ቢሆን አይቻልም።"

"ጠብታ ውሃ ምን ታደርጋለች?"

"ማደንዘዣው ሲያደክምዎት ሆድዎ ውስጥ ያለው ይመለስና ወደ ሳንባ ይገባል። ድሮ እሠራበት በነበረው ቦታ አንዱ ወተት ምግብ አይደለም ብሎ ጠጥቶ መጣ።"

"እሺ፣ ምን ሆነ?"

"ሦስት ቀን በማሽን ተነፈሰ። የተረፈው በዕድሉ ነው።"

የፈሪዳ እጅ ወደ ሆዷ ሄደ። ቅቤው እዚያ ነበር፣ ሞቅ ብሎ፣ ከብዶ።

ተነሳች። እስከ መስኮቱ ሄዳ ተመለሰች። ተቀመጠችና ደግሞ ተነሳች። ብትናገር ተራዋ ይሄዳል። ዓርብ ሌላ ሰው አለ፣ ማታ አውሮፕላን አለ፣ ከዚያ ዓመት ሙሉ መጠበቅ ነው። ደሙ ደግሞ ዓመት ይጠብቃት እንደሆነ ማን ያውቃል? ሦስተኛው የመጨረሻዋ ሊሆን ይችላል። ባትናገርስ? ቅቤ ከባድ ነው፣ አይወጣም፣ አለች በልቧ። ስንት ጊዜ ጠጥቻለሁ፣ ወጥቶ ያውቃል? ከዚያ የወተቱ ሰውዬ ትዝ አላት።

ስልኳ ጮኸ። ረሺድ ነው፤ የመኪና ማቆሚያ አጥቶ ውጭ ይዞራል።

"ገባሽ?"

"አልገባሁም።"

"ምነው ድምፅሽ?"

"ረሺድ፣ ጠዋት..."

"ቆይ ቆይ፣ ትራፊክ መጣ፣ እደውላለሁ።" ዘጋው።

ወደ ሲስተር ውቢት ሄደች። ሲስተሯ ጀርባዋን ሰጥታ መድኃኒት ትቆጥራለች። ፈሪዳ አፏን ከፈተች። ሲስተሯ ዞር ስትል ግን ያን ዓይን አየችው፤ የሚቸኩል፣ የተማረ ዓይን። "ሽንት ቤት የት ነው?" አለቻት። ሽንት ቤት ገብታ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ምራቋን እጇ ላይ ትፍ ብላ አየችው። ነጭ ነው። ስትወጣ ስሟ እየተጠራ ነበር።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ጠባብ አልጋ ላይ አስተኟት፤ ከላይዋ ትልቅ ማሽን ተንጠልጥሏል፣ ከጎኗ ቴሌቪዥን የሚመስል ነገር አለ። ዶክተር ኃይለመለኮት ጭምብል አድርገዋል፤ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። በቀኝ ጎኗ ቀዝቃዛ ነገር ቀቡላት።

"ትንሽ እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሻል" አሉ። "ተንፍሺ ስልሽ ትተነፍሻለሽ፣ ያዢ ስልሽ ትይዣለሽ። እሺ?"

"እሺ።"

ሲስተር ውቢት መርፌውን ይዛ ክንዷ ላይ ጎንበስ አለች። ፈሪዳ እጇ ከየት እንደተነሳ አታውቅም። የሲስተሯን አንጓ ጨብጣ ያዘች።

"ቅቤ።"

"ምን?"

"ቅቤ ጠጥቻለሁ።"

ሁሉም ቆመ።

"መቼ?" አሉ ዶክተሩ።

"ከሱብሂ በኋላ።"

"ምን ያህል?"

በጣቶቿ ሲኒውን አሳየቻቸው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ሁለት" አለች።

"ጠይቄሽ ነበር እኮ!" አለች ሲስተር ውቢት። "ሦስቴ ነው የጠየቅኩሽ!"

"ምግብ ነው የጠየቅሽኝ። ውሃና ሻይ ነው የጠየቅሽኝ።"

ዶክተሩ ጭምብላቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱ። ፊታቸው የተቆጣ ይሁን የደከመ ፈሪዳ መለየት አልቻለችም።

"ለጋ ነበር?" አሉ።

"ለጋ ነው። የሞርሲቶ።"

"እንግዲህ ቢያንስ ጥሩ ቅቤ ነው" ብለው ጓንታቸውን አወለቁ። ከዚያ ጎንበስ አሉ። "መናገርሽ ደግ ሆነ። ዛሬ ግን አልነካሽም። ነገ ደግሞ ያለኝ አንድ ቦታ ነው፣ እሱም የሌላ ሰው ነው።"

ፈሪዳ ከአልጋው ወረደች። ኮሪደሩ ላይ አጵሎስ እንደተቀመጠ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ማህተም እስኪመታለት ይጠብቃል። ሲስተር ውቢት ከኋላዋ ወጥታ አየችው። ትንሽ አሰበች።

"መምህር፣ ዛሬ ጠዋት ምን በሉ?"

"እኔ?" አጵሎስ ጉሮሮውን ጠረገ። "ለምን ትጠይቂኛለሽ?"

"ይንገሩኝ።"

"ምንም።"

"ሻይስ?"

"ምንም አልኩሽ። ከትናንት ምሳ ጀምሮ ምግብ አልወርድ ብሎኛል።"

"ያምዎታል?"

መምህሩ መሬት መሬት አየ። "ፈርቼ ነዋ! ምን ልበልሽ! ውሃም ቢሆን ከትናንት ማታ ጀምሮ አልቀመስኩም።"

ሲስተር ውቢት ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ገብታ ከዶክተሩ ጋር ተነጋግራ ተመለሰች። የደም ውጤቱን አዩት፣ ደህና ነው። ዛሬ እሱ ይገባል፣ ነገ ፈሪዳ። አጵሎስ ነጭ ልብሱን ለብሶ ሲያልፍ ፊቱ እንደ ልብሱ ሆኗል።

"እህቴ" አላት ቀስ ብሎ። "ተማሪዎቼ እንዳይሰሙ።"

"እኔ ለማንም አላወራም" አለች ፈሪዳ። እውነቷን ነበር።

በር ላይ ከድጃ ብድግ አለች። "አለቀ? ምነው ቶሎ?"

ፈሪዳ የእናቷን እጅ አየች፤ ድስቱን የያዘውን፣ ሲኒውን የያዘውን እጅ። "ማሽኑ ተበላሽቶ ነው" አለች። "ለነገ ተባለ።"

ከድጃ የአዲስ አበባን መብራት እየረገመች ወደ ቤት ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ሲኒው እንደገና ሲመጣ ፈሪዳ "ሆዴን እየቆረጠኝ ነው" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ዓርብ መርፌው ገባ። በጎኗ በኩል ግፊት ተሰማት፣ ከዚያ ትከሻዋ ድረስ የሚሄድ ሕመም። ግማሽ እንቅልፍ ግማሽ ንቃት ውስጥ ናት። እግሯ ተነስቶ መሄድ ይፈልጋል፣ መላ አካሏ ይቁነጠነጣል፤ "አትንቀሳቀሺ" ይላሉ። ያዢ ሲሏት ትንፋሿን ትይዛለች። በቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ትጓዛለች፤ ሄዳ ሄዳ ቆመች። ወደ ኋላ ተመለሰች፣ በሌላ በኩል መጣች፣ ቆመች። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠረችም። አንድ ሰው ሰዓት ተናገረ።

ፈሪዳ እጃቸውን አየች። ሽቦውን አይገፉም። በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሃል ይዘው ያሽከረክሩታል፣ ትንሽ ይሰዱታል፣ ደግሞ ያሽከረክሩታል።

"እንዲያ ነው" አለች።

"ምን አልሽ?" አሉ ዶክተሩ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሱ።

"አይግፉ። እንዲያ ነው።"

ሲስተር ውቢት ዝም በይ ልትላት ነበር። ዶክተሩ ግን "እሺ፣ አልገፋም" አሉ። ትንሽ ቆይቶ መስመሯ ሾልካ አለፈች። ማንም አልጮኸም። ፊኛው ሲነፋ ፈሪዳ አቃሰተች። ከዚያ በቴሌቪዥኑ ላይ ደሙን ለማሳየት የሰደዱት ቀለም ጥቁር ሆኖ፣ ፀሐይ ያገኘው ቅቤ እንደሚሄደው፣ በአንድ ሰፊ መንገድ ወደ ጉበቷ ገባ።

እነሆ ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሆነ። ደም ማቅጠኛ ኪኒን ትወስዳለች፣ በየሦስት ወሩ አልትራሳውንድ ትታያለች፤ መንገዱ እስካሁን ክፍት ነው። መምህሩም እንደ እሷ ተሳክቶለታል፤ አንድ ቀን ደውሎላት ጮክ ብሎ ሳቀ። ፈሪዳ ግን አሁንም ምራቋን ታያለች፣ አሁንም ተነስታ ትዞራለች። ትንሽ ቀንሷል እንጂ አልቀረም።

ቅቤ ተራ ውስጥ ደግሞ አዲስ ወሬ አለ። የምታወራው ከድጃ ናት።

"ሽቦው ምን ያደርጋል! በሽቦ ብቻ ይከፈት ነበር? እኔ በዋዜማው ጠዋት ሁለት ሲኒ ለጋ አጠጥቻታለሁ። እሱ ነው ያለሰለሰላት።"

ሰው ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ፈሪዳ አንገቷን ደፍታ ስንጥሯን ትጠርጋለች። ባለፈው ሳምንት ዓለሚቱ የምትባል ሴት ከሾኔ መጣች። ልጇ ሊዲያ ደም አስታውካለች፤ ማክሰኞ አዲስ አበባ በአፏ ቱቦ ሊያስገቡላት ነው። ከድጃ ከሁሉም ለጋ የሆነውን መርጣ በኮባ ጠቀለለችላት።

"የማክሰኞ ለት ጠዋት፣ ከመግባቷ በፊት። ሁለት ሲኒ። ዋጋውን ተዪው።"

ዓለሚቱ ቅቤውን ዘንቢሏ ውስጥ አስገባች። መረቀች። ፈሪዳ ተነሳች፣ ተቀመጠች። ተነሳች። ዓለሚቱ ሁለት እርምጃ ሄዳለች።

"ቆዪ!" አለች ፈሪዳ።

ተራው በሙሉ ዞሮ አያት። ያን ያህል ድምፅ እንዳላት ማንም አያውቅም ነበር።

"አትስጫት። ባዶ ሆዷን ትግባ። ውሃም አትጠጣ።" "እማ፣ ቅቤው ሊገድለኝ ነበር።"

ከድጃ ኮባ የያዘ እጇ አየር ላይ ቀረ። "ምን አልሽ?"

"ሐሙስ ያልሠሩኝ ስለጠጣሁ ነው። ተኝቼ ቢወጣ ሳንባዬ ውስጥ ይገባ ነበር።"

"ማሽን ተበላሸ አላልሽኝም?"

"ዋሽቼሽ ነው።"

ከድጃ ኮባውን መሬት አስቀመጠች። አንዷ ሴት ልትናገር ስትል ሌላዋ በክርኗ ጎሸመቻት።

"ታዲያ እያወቅሽ ለምን ጠጣሽ?"

"አላወቅኩም ነበር። አንቺ ስለሰጠሽኝ ነው የጠጣሁት።"

ከድጃ ቀስ ብላ ተነሳች። ወደ ዓለሚቱ ሄዳ ቅቤውን ከዘንቢሉ አወጣችው። ዓለሚቱ ዘንቢሏን እንደከፈተች ቆማለች።

"ከተመለሳችሁ በኋላ ዶክተሩ ከፈቀደ ነይ" አለቻት ከድጃ። "ይኸው እዚህ አስቀምጥልሻለሁ። እስከዚያ ምንም። ሰማሽኝ? ምራቋን እንኳ እንዳትውጥ።"

"ምራቅ ችግር የለውም፣ እማ።"

"ዝም በይ አንቺ!" አለች ከድጃ። ቅቤውን ከመቀመጫዋ ሥር አስገብታ ጀርባዋን ሰጠቻት።

አንድ ገበሬ ቅቤውን ፈሪዳ ፊት አስቀምጦ ይጠብቃል። ስንጥሯን አንስታ ኮባው ውስጥ ሰደደቻት። ሳታሽከረክር ስለገፋቻት ጠማማ ገባች።

"ምነው ፈሪዳ" አለ ገበሬው፣ "ዛሬስ ወጋሽው!"